ኮላ የላሰው ቁምሳጥን

ውሻ ሲያስነጥስ በሰማሁ ቁጥር «ይማርህ» ማለት ይቃጣኛል። ሰው አጠገቤ ካለ ዋጥ አደርገዋለሁ፤ ብቻዬን ከሆንኩ ግን እለዋለሁ፣ ወዲያውም የዋንዛ ሰጋቱራ ሽታ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ አፍንጫዬን ይሞላውና ዳንግላ፣ አባቴ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ፣ እግሬን እስከ ቁርጭምጭሚቴ ሰጋቱራ ውስጥ ቀብሬ ቆሜ እገኛለሁ። የሌላ ሰው ውሻ ይጮሃል፣ ያሳድዳል፣ ሌባ ይይዛል፤ የእኛዎቹ ዋና ሥራቸው ማስነጠስ ነበር። አባቴ መላጊያውን እየገፋ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ይማርሽ» ይላት ነበር አሮጊቷን ውሻ፤ እናቴ ደግሞ ከጓዳ ሆና «ለውሻ ይማርሽ ይባላል? ምን ኃጢአት አላትና ነው የምትማረው?» ትለው ነበር። አባቴ ለዚህም መልስ አያጣም። «ሥጋው የጠፋ ቀን ማን ነበር የበላው ያልሽኝ?» ይላታል።

አባቴ ፈንታሁን አናጺ ነው። አልጋ፣ ቡፌ፣ ቁምሳጥን፣ ወንበር፣ የታዘዘውን ሁሉ ይሠራ ነበር። ሥራ ቤቱ ከመኖሪያ ቤታችን ጎን የተቀጠለ ቆርቆሮ ሲሆን በመካከሉ መዝጊያ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ለአገሩ ሁሉ በር የሚሠራው አባቴ ለራሱ በር የሚሆን ጊዜ አላገኘም ነበርና። ስለዚህ ሰጋቱራው እንደ ቤተ ዘመድ ሳያንኳኳ ይገባ ይወጣ ነበር፣ አልጋችን ውስጥ ያድራል፣ ጫማችን ውስጥ ይቀመጣል፣ የጨው ዕቃው ውስጥም አይታጣም። እናቴ «በዚህ ቤት ሽሮና ሰጋቱራ የሚለዩት በቅመም ነው» ትል ነበር። ትምህርት ቤት መምህሬ ሹሩባዬን እያራገፈች «ማስተዋል፣ ዛሬ ደግሞ ምን እየተሠራ ነው?» ትለኝ ነበር፣ እኔም ኩራት ቢጤ እየተሰማኝ «ቡፌ» ብዬ እመልስላት ነበር።

ውሾቹ ሁለት ነበሩ። አሮጊቷ መጋዝ ትባላለች። ሰጋቱራው ክምር ውስጥ ጎድጓዳ ሠርታ ትተኛና ታንኮራፋለች፤ ከአጥር ውጭ ለሚሰማ ሰው አባቴ እንጨት እየሰነጠቀ ይሁን እሷ ተኝታ ይሁን የሚለይበት መንገድ አልነበረም። አንድ ደንበኛማ አባቴ ገበያ በሄደበት ቀን መጥቶ፣ ደጅ ቆሞ ካዳመጠ በኋላ፣ «ሥራ ላይ ነዎት መሰለኝ፣ አልረብሽዎትም» ብሎ ተመልሶ ሄዷል። ትንሹ ኮላ ነው። ማጣበቂያውን ኮላ ስለምንለው፣ እሱም ሰው እግር ላይ ከተለጠፈ አልላቀቅ ስለሚል ነው ስሙ የወጣለት። ያመጣልን ከአዘና ገጠር ዋንዛ እየጫነ የሚመጣ አያ አለሙ የሚባል ገበሬ ነበር፤ በጆንያ ይዞት መጥቶ ከጣውላው ጋር አራገፈው። ኮላ ያደገው አገውኛ እየሰማ ስለሆነ አማርኛ አይገባውም ነበር። አባቴ አገው ነውና በአገውኛ አንድ ቃል ሲለው ጆሮውን ጥሎ ይወጣል፤ እናቴ ግን የሞጣ ልጅ ናት፣ አገውኛ አታውቅም፣ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ በአማርኛ ስትሰድበው እሱ ደግሞ እያደነቀችው እየመሰለው ጭራውን ይቆላላት ነበር። ከሁሉም የሚያናድዳት ይህ ነበር።

የዳንግላ ክረምት ሰኔ ገብቶ ጳጉሜን የሚወጣ እንዳይመስላችሁ፤ ግንቦት ላይ ይጀምርና እንቁጣጣሽንም አብሮን ይውላል። ዝናቡ ሲበረታ የሥራ ቤቱ ጣሪያ ስለሚያፈስ አባቴ ዕቃውን ሁሉ ወደ ሳሎን ያስገባው ነበር፣ ውሾቹም «እኛስ የሥራ ቤቱ ሰዎች አይደለንም ወይ» በሚል ሁኔታ ተከትለውት ይገቡ ነበር። እናቴ በዚያ ወራት ብቻ ከሰጋቱራ ጋር ትታረቃለች፤ ግቢው ጭቃ ስለሚሆን ከቤት እስከ ሽንት ቤት ድረስ መንገዱ ላይ ይነሰነስበታልና። ችግሩ የውሾቹ ነው። ዝናብ ይመታቸውና መጥተው ክምሩ ላይ ይንከባለላሉ፣ ዱቄት ላይ እንደተንከባለለ ሊጥ ሆነው ይነሳሉ፣ ከዚያም ሥራ ቤት ውስጥ እንደማራገፍ ቀጥ ብለው ሳሎን መካከል ይመጡና ከራስ እስከ ጭራ ይርገፈገፋሉ። አንድ ጊዜ የንስሐ አባታችን ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው በተቀመጡበት መጋዝ አጠገባቸው ቆማ ተርገፈገፈች። እናቴ አመድ መሰለች። አባ ጢማቸውን እየጠረጉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጭቃ አይደለም» አሉ።

ዝናቡ አባርቶ መስከረምና ጥቅምት ሲመጡ ሰጋቱራው ደርቆ ለምድጃ ይደርስ ነበር። ምድጃው የቀለም ጣሳ ነው፣ ከሥሩ ቀዳዳ ያለው፤ መካከሉ ላይ ጠርሙስ አቁሜ ዙሪያውን ሰጋቱራ እጠቀጥቅበታለሁ፣ ከዚያ ጠርሙሱን ቀስ አድርጌ ስስበው መሐሉ ክፍት ሆኖ ይቀራል፣ እሳቱም በዚያ እየተሳበ ቀስ እያለ ሲነድ ይውላል። ይህ የእኔ ሥራ ነበር፣ ማንም አይነካብኝም። ኮላ አጠገቤ ተቀምጦ ይመለከተኝና ጠቅጥቄ ጨርሼ ጠርሙሱን ልስበው ስል አፍንጫውን ጣሳው ውስጥ ከትቶ ያስነጥሳል፣ ጠርሙሱ ይወድቃል፣ እኔም እንደገና እጀምራለሁ። ለዚያ ውሻ ለሌላ የማላሳየው ዓይነት ትዕግሥት ነበረኝ፤ ከወንድሞቼ አንዱ ቢያደርገው ኖሮ በጠርሙሱ ነበር የምለው።

ጥር የሠርግ ወር ስለሆነ አባቴ ቀና የማይልበት ጊዜ ነበር። የዚያን ዓመት ትልቁ ሥራ የሐጅ አወል ነበር። ሐጅ አወል በገበያው ታዋቂ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ልጃቸውን ለጫግኒ ሰው ሊድሩ ባለ ሁለት በር የዋንዛ ቁምሳጥን አዘዙላት። አባቴ ለገበያው ሰዎች ሲሠራ የመጀመሪያው ስለነበር፣ «ይህ ካማረላቸው ገበያው ሁሉ ወደ እኔ ነው፤ ከተበላሸ ግን ዳንግላ ውስጥ ጠረጴዛ የሚያዘኝ አይገኝም» ይል ነበር። ሌላ ጊዜ በሳምንት የሚጨርሰውን ሁለት ሳምንት ሠራው። ሠርጉ እሑድ ሊሆን፣ ማክሰኞ ለቫርኒሽ ደረሰ።

እኛ ቤት የቫርኒሽ ቀን እንደ ስቅለት የሚከበር ቀን ነበር። ከዋዜማው መሬቱ ውኃ ይርከፈከፍበታል፣ የሰጋቱራው ክምር በላስቲክ ይሸፈናል፣ በር በሌለው በር ላይ ብናኙን እንዲይዝ እርጥብ አንሶላ ይሰቀላል። መጥረጊያ አይነሳም፣ ምንጣፍ አይራገፍም፣ ልጅ አይሮጥም፤ ጎረቤት እንኳ በአጥር በኩል ሊጣራ ሲል አንሶላውን ያይና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቫርኒሽ ነው?» ብሎ ይሄዳል። ውሾቹ ውጭ፣ ከአጥሩ ባህር ዛፍ ጋር በቃጫ ገመድ ይታሰራሉ። ማክሰኞ ጧት አባቴ ቀብቶ ሲጨርስ ማጠፊያና ቁልፍ ሊገዛ ገበያ ሄደ፣ እናቴም ወፍጮ ቤት ነበረች፣ ወንድሞቼ ትምህርት ቤት። እኔ የከሰዓት ተማሪ ስለነበርኩ ዘበኛ ሆኜ ቀረሁ። ስምንት ዓመቴ ነበር። አባቴ ሲወጣ «ማስቱ፣ ዝንብ እንኳ እንዳይገባ» አለኝ።

መጋዝ ታስራም ተኛች። ኮላ ግን ጀመረ። መጀመሪያ ያላዝናል፣ ከዚያ ያቃስታል፣ ከዚያ አንድ እግሩን አንስቶ የተሰበረ ይመስል እያንቀጠቀጠ ያየኛል። ዝም አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ራሱን መሬት ላይ አጋደመና ዓይኑን ገርበብ አድርጎ ሊሞት ተዘጋጀ። ፈትቼ ላቅፈው እንጂ ልለቀው አላሰብኩም ነበር። ግን ገመዱን ፈትቼ ገና ሳልይዘው የሞተው ውሻ ተነሳና በእግሮቼ መሐል ሾልኮ፣ በእርጥቡ አንሶላ ሥር ገብቶ፣ ላስቲኩን ገልጦ ክምሩ ውስጥ ዘለለ። ደርሼ ስጮህበት፣ በአማርኛ ስለጮህኩ ይሁን ስለደነገጥኩ እንጃ፣ ደስ ብሎት መጣ። በመንገዱ ላይ ቁምሳጥኑን አገኘው። ጎኑን እስከ ጭራው ድረስ አሻሸበት፣ ጎንበስ ብሎ የግራውን በር የታችኛውን ጫፍ አንድ ጊዜ ላሰው፣ ፊቱን አጨማደደ፣ አስነጠሰ፣ ከዚያም እግሮቹን ከፍቶ ቆሞ ከራሱ ጀምሮ ተርገፈገፈ።

ከጉልበት በታች ያለው ቫርኒሽ ሁሉ ሰጋቱራ ለበሰ። እንደ መስታወት ያበራ የነበረው ዋንዛ ጭኮ የተመረገበት መሰለ። ኮላን ጎትቼ አወጣሁት፣ መልሼም ልሰረው ብዬ አሰብኩ፤ ግን ታስሮ ከተገኘ ማን ገባ ሊባል ነው? በልጅ አእምሮዬ አንድ መላ መጣልኝ። ገመዱን ራሴ አኘክሁት። የቃጫ ገመድ አኝካችሁ ካላወቃችሁ አትሞክሩት፤ ምላሴ ቆስሎ ሳምንት ሙሉ በርበሬ አልቀመስኩም። ብቻ በጠሁትና ጫፉን ኮላ አንገት ላይ ትቼ፣ እንባዬን እያዘራሁ አባቴን ጠበቅሁ፤ እንባው የውሸት አልነበረም።

አባቴ መጥቶ ሲያይ አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ማጠፊያዎቹን መሬት ላይ አስቀመጠና አጠገባቸው ተቀመጠ። መቆጣቱን እናቴ ተረከበችው። «ቄሱን ደግሞ ሐጁን! በዚህ ከተማ የቀረን ሰው አለ?» አለች። ከዚያ ፍርዱን ሰጠች፤ አያ አለሙ ቅዳሜ እንጨት ይዞ ሲመጣ ኮላን ወደ መጣበት ይመልሰው። አባቴ ሊከራከር አፉን ከፈተና ቁምሳጥኑን አይቶ ዘጋው። እኔ ገመድ ያኘከ አፌን ዘግቼ ዝም አልኩ። ሦስት ቀን ሙሉ እህል በጉሮሮዬ አልወርድ አለ፤ እናቴ ምላሴ ቆስሎ መሆኑን አታውቅምና «ለውሻው አዝና ነው» ትል ነበር፣ እሱም እውነት ነበር።

አባቴ ረቡዕን በብርጭቆ ወረቀት ሲፈትግ ዋለ። ከታች ያለው በተለይ የግራው በር ጫፍ አልለቅ ስላለው በመላጊያ ላጠው፣ ከዚያ እንደገና ቀባው። የተፈተገውንና የተላጠውን ጠርጌ ለምድጃው የወሰድኩት እኔ ነኝ። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት መልስ ሐጅ አወል ሊያዩት ሲመጡ ቁምሳጥኑ ከፊተኛው በልጦ ያበራ ነበር። በሮቹን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ጥምጣማቸውን በቫርኒሹ ውስጥ አይተው አስተካከሉና «ማሻ አላህ» አሉ። እናቴ ደስታዋ ከበዛ የተነሳ ሻዩን በሁለት እጇ ይዛ ሰጠቻቸው። አባቴ ግን ከንፈሩን ይነክስ ጀመር። እናቴ ከሐጅ ኋላ ሆና ዓይኗን አፈጠጠችበት፤ ያ ዓይን «አርፈህ ተቀመጥ» የሚል ዓይን ነበር።

«ሐጅ፣ ሳልነግርዎ ከቤቴ ቢወጣ ይከብደኛል» አለ አባቴ። «ማክሰኞ ለታ ውሻዬ ገብቶ ተሻሽቶበታል።»

ሐጅ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። አልተቆጡም። ውሻ የሚጠሉ ሰው አልነበሩም፣ የሱቃቸው ደጃፍ ላይ የሚተኛውንም አያባርሩም ነበር፤ ግን የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ ሳይታጠብ ቤታቸው እንደማይገባ አገር ያውቃል፣ አባቴም የነገራቸው ይህን ስለሚያውቅ ነው።

«በገላው ነው የነካው በአፉ?» አሉ።

«እኔ ገበያ ነበርኩ። ገመዱ ተበጥሶ ነው የተገኘው፤ አይቻለሁ ያለኝ ሰው የለም።»

«እንግዲህ ያየ ከሌለ ሁሉን እንደላሰው እቆጥረዋለሁ። ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱ በአፈር ነው። ያለዚያ ልቤ አይቀበለውምና ለልጄ አልሰጣትም፤ እንዳትቀየመኝ ፈንታሁን።»

አባቴ ወደ ቁምሳጥኑ ዞረ። ዕድሜውን ሙሉ ቫርኒሽ አጠገብ የእርጥብ እጅ ጣት ያላስጠጋ ሰው ነው፣ አሁን ከላይ እስከ ታች በውኃና በአፈር እጠበው ተባለ። ፊቱን ሳየው አላስቻለኝም። ወደ ፊት ወጣሁና «እኔ አይቻለሁ» አልኩ። ከዚያም ከመጣሁ አይቀር ብዬ «የፈታሁት እኔ ነኝ። ገመዱንም ያኘክሁት እኔ ነኝ» አልኩ። እናቴ ደረቷን መታች። ሐጅ ግን በእጃቸው ዝም አሰኟትና ጎንበስ ብለው ትክ ብለው ፊቴን አዩኝ።

«ነይ ልጄ። በአፉ ነክቶታል ወይስ አልነካውም?»

አልነካም ብል ሁሉ ነገር በዚያው አለቀ። አባቴ ከማጠቡ ይድናል፣ ኮላም ምናልባት ከአዘና ይተርፋል። አልነካም ልል ከንፈሬን ከፍቼ ነበር፤ ግን እኚያ ትልቅ ሰው እንደ ትልቅ ሰው ጠይቀውኝ መዋሸት አፈርኩ።

«ልሶታል» አልኩ፤ እንባዬ መጣ። «እዚህ ጋ። የግራው በር፣ ታች ጫፉ ላይ።» ተንበርክኬ ቦታውን በጣቴ አሳየሁ። «አንድ ጊዜ ነው የላሰው። አልጣመውም።»

«አንድ ጊዜ ብቻ?»

«አንድ ጊዜ። ከዚያ አስነጠሰ፣ ግን ያስነጠሰው ወደ ውጭ ዞሮ ነው።»

አባቴ ድንገት ተነሳ። «ሐጅ! እሱን ጫፍ እኮ በመላጊያ ልጬ ጥየዋለሁ። የተላሰው እንጨት እዚህ በር ላይ የለም!»

ሐጅ መነጽራቸውን አወጡና በሩን ከጎን አዩት፤ እውነትም ጫፉ ከቀኙ በር በጥፍር ያህል ሳስቷል። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ደስ አላቸው፣ ከዚያ ግን ነገር የማያሳልፉ ሰው ናቸውና «የተላጠውስ የት ነው?» ብለው ጠየቁ። አባቴ እኔን አየኝ። እኔ ምድጃውን አየሁ። እናቴ ብርጭቆውን አየች። ሻዩ ከብርጭቆው ውስጥ ገና ይተን ነበር።

መጋዝ ታንኮራፋ ነበር። ሐጅ ምድጃውን ተመለከቱ፣ ሻዩን ተመለከቱ፣ እንደገና ምድጃውን ተመለከቱ። ከዚያ ጢማቸው ሥር መሳቅ ጀመሩ፣ ሳቁም ወደ ትከሻቸው ወጣ። «እሱማ አመድ ሆኗል፤ አመድ ደግሞ ምኑ ይላሳል» አሉና ሻዩን አንስተው እስከ አተላው ጠጡት። «ስኳር አሳንሰሻል» አሉ ለእናቴ ብርጭቆውን ሲመልሱ። ሊወጡ ሲሉ አባቴን «ቦታውን በጣቷ ባታሳየኝ ኖሮ ሰባት ጊዜ አሳጥብህ ነበር» አሉት። ቁምሳጥኑ ቅዳሜ ጧት በጋሪ ተጭኖ ወጣ።

እኔ ዱላ እጠብቅ ነበር። አባቴ የተበጠሰውን ገመድ አንስቶ አገላበጠውና «ውሻ ሲቆርጥ ይቆርጣል፤ ይህ እንደ ሸንኮራ የተመጠጠ ነው። ማክሰኞ ለታ ነው ያወቅሁት» አለኝ። ለምን እንዳልተናገረ ስጠይቀው «አንቺ እስክትነግሪኝ ስጠብቅ ነዋ» አለ፣ ከዱላው ይልቅ ይህ ነው ያመመኝ። እናቴ ደግሞ ፍርዷን አሻሻለች። አያ አለሙ ሲመጣ «ጥፋቱ የውሻው አይደለም፤ ካልከበደህ ይህችን ልጅ ውሰድልኝ» አለችው። እሱም አየት አድርጎኝ «ከውሻው ይበልጥ ትበላለች» ብሎ እምቢ አለ። ከዚያ ወዲያ በቫርኒሽ ቀን ሁሉ የገመዱ አንደኛው ጫፍ ኮላ አንገት ላይ፣ ሌላው እኔ ወገብ ላይ ይታሰር ነበር፣ ሁለታችንም ባህር ዛፉ ሥር እንውል ነበር።

ኮላም መጋዝም ከሞቱ ቆዩ። አባቴ አርጅቷል፤ ዛሬ ዳንግላ ውስጥ ቁምሳጥን ተገጣጥሞ ከሩቅ ይመጣል። በቅርቡ አንዱን በጥፍሩ ፈቅፍቆ አየና «ይሄማ ሰጋቱራ ነው፤ ጨምቀው ልብስ አስቀምጡበት ብለው መለሱልን» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። እኔ እንጅባራ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ኋላ ተቀምጬ ማስረጃ ስቀበል እውላለሁ። ጠረጴዛዬ ንጹሕ ነው፣ ብናኝ የለበትም። ባለፈው ወር አንድ ሽማግሌ የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡና ከቀበሌ የተጻፈላቸውን ደብዳቤ በጓ እንደበላችባቸው ነገሩኝ። ልጅቷ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው፤ አገጯን የመስኮቱ ጠርዝ ላይ አድርጋ «እኔ አይቻለሁ» አለችኝ። እኔም ቀና ሳልል «በጓ ለመብላቷ ከቀበሌ አጽፋችሁ ኑ» አልኳቸው፣ እሳቸውም «እሺ ልጄ» ብለው ይዘዋት ሄዱ። ገና በሩን ሳይወጡ አፈርኩ፤ ግን አልጠራኋቸውም፣ ሰልፉ ረጅም ነበር። ሐጅ አወል ቢሆኑ ኖሮ ጎንበስ ብለው «ስታኝክ ነው ያየሻት ስትውጥ?» ብለው ይጠይቋት ነበር፣ የመለሰችላቸውንም ያምኗት ነበር።